በአንድ እጅ የምትነዳው ሞተር

ውድ ወንድሜ መቶድ፤

እንደምን ከርመሃል? ከባሕር ተመልሰህ ይህን ወረቀት ስትከፍት በሙሉ ጤና እንዲያገኝህ ምኞቴ ነው። ትከሻህስ እንዴት ሆነ? መረብ ስጎትት ተቀጨብኝ ብለህ ከጻፍክልኝ ወዲህ ሳስበው ነው የከረምኩት። ኖራስ ደህና ናት? ያ ሳል ለቀቃት? ዴልያስ አሁንም ልብስ በየወሩ እያጠራት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ከታች ያለውን ስታነብ ልብህ እንዳይሰቀል ነው።

ሞተሯ ተሸጠች። አንተ የሠራሃትን ሞተር ማለቴ ነው። በስልክ ልነግርህ ፈልጌ ነበር። ኮዲያክ ወደቡ ላይ ስልክ የምታነሳው ሴትዮ ግን ጀልባችሁ መቼ እንደሚገባ ዓሣው ነው የሚያውቀው አለችኝ። ቁጭ ብዬ መጠበቅ ደግሞ አልቻልኩም። ከፋሲካ ወዲህ ቁጭ ማለት የሚባል ነገር ከእኔ ርቋል። ይህንንም የምጽፈው አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት እስኪለቀቁ ድረስ ደብተሩን መሪው ላይ አስደግፌ ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድ እንዳላየህ እለፈው።

የአባባ ዓይን ነገር በፋሲካ ሰሞን ነው የጀመረው። ሐኪሙ እንዳለው የሞተው መሃሉ ነው። ዳር ዳሩን ያያሉ፤ ፊት ለፊት ያለው ግን ጉም ነው። ሰው ሲያናግሩ ጆሮውን እያዩ ነው። እኔን ማየት ሲፈልጉ ወደ በሩ ይዞራሉ። ሐኪሙ መንጃ ፈቃዳቸውን እንዲመልሱ ሲነግራቸው "ይሄ ልጅ ጥርሱን ነቅሎ አልጨረሰም" ብለውት ተነሡ። የበሩን እጀታ ለማግኘት ግን ግድግዳውን ሲዳብሱ ቆዩ፤ እኔም እንዳላየሁ መሬት መሬት አየሁ። መኪናውን ለባሌ ለዱዌን ያለ አንድ ጭቅጭቅ አስረከቡ። እኔ ሞኟ ነገሩ አለቀ ብዬ ደስ አለኝ። ስለ ሞተሯ ያነሣ ሰው አልነበረም።

ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን አንድ ጠዋት ወንዙ ዳር ጉም ወርዶ ነበር። ልጆቹን ጭኜ ከድሮው ፋብሪካ በር ወደ ድልድዩ ስታጠፍ ያንን ድምፅ ሰማሁ። አንተም ብትሆን ከሺህ ሞተር መሃል ትለየዋለህ። ከዚያ ጉሙ ውስጥ አንድ መብራት መጣ። አባባ የመንገዱን ዳር ነጭ መስመር ተከትለው ነበር የሚመጡት። ዳር ዳሩን ነው የሚያዩት ብዬሃለሁ። ግን የያዙት መስመር በእኔ ወገን ያለውን ነበር። ፊት ለፊታቸው ሕፃናት የሞላበት ቢጫ አውቶቡስ አለ፤ እሳቸው ደግሞ ፊት ለፊት አያዩም። ፍሬን ረግጬ ጡሩምባውን አልለቅም አልኩ። በድምፁ አውቀው ይመስለኛል ሞተሯን ወደ ሣሩ አስገቧት። አልወደቁም። በአጠገቤ ሲያልፉ በመስኮት አየኋቸው፤ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዙረዋል፤ እኔን እያዩ ነበር ማለት ነው። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉኝ። ከኋላዬ አንዲት ሕፃን "ሚስ ሊዳ፣ ያ ሽማግሌ እብድ ነው?" አለችኝ። አባቴ ናቸው አልኳት።

ያን ቀን ቤት ስገባ በቀጥታ ወደሚበሉበት ጠረጴዛ ሄድኩ። ሞተሯ ካልተሸጠች አውቶቡስ መንዳቴን አቆማለሁ፣ ከዚያም በርዎ ላይ ወንበር አውጥቼ ስጠብቅዎ እውላለሁ አልኳቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ዳቧቸውን እያላመጡ "እሺ፣ እንሽጣት" አሉ። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ። የሚገዛት ሰው መጀመሪያ እስከ ድልድዩ ነድቶ ይመለስ፤ ደግሞም አንዲት ቡሎን እንዳይለውጥ ቃል ይግባ። ይሄማ ምን አለበት ብዬ ተስማማሁ። አባታችንን የማላውቃቸው ይመስል።

ጋዜጣው ቢሮ ደውዬ ማስታወቂያ አስነገርኩ። "የ1951 ሃርሊ ሞተር ሳይክል፣ በአንድ እጅ የሚነዳ" በይልኝ አልኳት ለልጅቷ። ልጅቷ "እመቤት፣ አንድ እጅ የሚባል ነገር የለም፤ ዕቃ ወይ አዲስ ነው ወይ ሁለተኛ እጅ ነው" አለችኝ። ላስረዳት ስጀምር የአውቶቡሱ ሰዓት ደረሰብኝና እንዳልኩሽ አድርገሽ ጻፊው ብዬ ዘጋሁ። አርብ ጋዜጣውን ስገልጥ "የ1951 ሃርሊ፣ ሁለተኛ እጅ፣ የሚነዳ" ይላል። ከዚያ በኋላ በራችን ላይ የቆመው የሁለት እጅ ሕዝብ ብዛቱ።

የመጀመሪያው ከክሊቭላንድ የመጣ የጥርስ ሐኪም ነበር፣ ሲራመድ የሚንቋቋ አዲስ የቆዳ ጃኬት የለበሰ። አባባ በትሕትና ሞተሯን አስረከቡትና ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አንተ እጅ ለሌለው የአባባ ግራ ክንድ ብለህ ምን እንዳደረግህ ታስታውሳለህ። የግራው መሪ እጀታ የለውም፤ በእጀታ ፈንታ ክንዳቸው የሚገባበት ያንተ የብረት ኩባያ ነው ያለው። መሪው ራሱ በግራ በኩል ወደ ኋላ ተስቧል። ማርሹን ከነዳጅ መያዣው ከሰልባትዮው በስተቀኝ አድርገኸዋል። ስለዚህ ቀኝ እጅ ማርሽ ሊለውጥ ነዳጁን በለቀቀ ቁጥር ሞተሯን ቀጥ አድርጎ የሚይዛት ኩባያው ውስጥ ያለው ክንድ ብቻ ነው። ሁለት እጅ ያለው ሰው ሲቀመጥባት ግራ እጁ መግቢያ ያጣል። የኩባያውን ከንፈር ይጨብጣል፣ ክርኑ ጎኑን ይወጋዋል፣ ማርሽ ሲለውጥ ሳያውቀው ወደ ራሱ ይስባል። ሞተሯም ወደ ግራ ትሄዳለች። በግራ በኩል ያለው ደግሞ የወይዘሮ ያብሎንስኪ የቁጥቋጦ አጥር ነው።

የጥርስ ሐኪሙ አጥሩ ውስጥ እስከ ወገቡ ገባ። አባባ በጆሯቸው ተከታትለው "ማርሽ ሁለት ላይ ነው" አሉ፣ ውጤት እንደሚናገር ሰው። ከእሱ በኋላ የመጡት ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። አንደኛው ቅጠሉን ከጸጉሩ እያራገፈ ይቺን ጣሳ ቆርጠን ጥለን ትክክለኛ መሪ እንገጥምላታለን አለ። አባባ "ሂዱ፣ መንገዱን ሳትስቱ ሂዱ" አሏቸው። በሁለተኛው ሳምንት ወይዘሮ ያብሎንስኪ ብቅ ብላ "ኦንድሬይ፣ አጥሬን በሞተር ማስከርከም ከጀመርክ በስተቀኝ ያለውም ይቅርብኝ አልልም" አለቻቸው። አባባ ከሳቃቸው ብዛት ዓይናቸውን ጠረጉ። እያንዳንዱ ገዢ አጥሩ ውስጥ በገባ ቁጥር ፊታቸው እየፈካ፣ ሾርባ እየደገሙ ሄዱ። "ምን ላድርግሽ ሊዳ፣ ገዢ ጠፋ እኮ" ይሉኛል። ያኔ ነው የገባኝ። እየሸጧት አልነበረም። ማንም ሊገዛት እንደማይችል እያረጋገጡ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እኔ ሰው አልነበርኩም። ካንዴላዎቹን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። በማግስቱ ከሰዓት ስመለስ የጭስ መውጫውን፣ ማርሚታውን ብነካው ትኩስ ነው። "ካንዴላ ያለው ያንቺ ቦርሳ ውስጥ ብቻ መሰለሽ?" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስመለስ ኮቴን ሳላወልቅ ጋራዥ ገብቼ ማርሚታውን እነካለሁ። የሁለት ጣቶቼ ጫፍ ተላጠ። ጠዋት አውቶቡሱን ስነዳ በየመታጠፊያው ጡሩምባ እነፋለሁ፤ ወላጆች ለትምህርት ቤቱ ስልክ ደውለው ሚስ ሊዳ ምን ሆና ነው አሉ። ዱዌንም ሶፋው ላይ ከጎኑ ስቀመጥ "ወይ ተቀመጪ ወይ ተነሺ፣ ሶፋው ግራ ገባው" ይለኛል።

በመጨረሻ ጋዜጣው ቢሮ ራሴ ሄድኩ። በትልልቁ ጽፌ ነበር የሄድኩት፤ "አንድ እጅ ላለው ሰው የተሠራ ሞተር ሳይክል ይሸጣል። ሁለት እጅ ያለው አይድከም።" ያችው ልጅ ናት ያነበበችው። ይሄ ስድብ አይሆንም ወይ አለችኝ። ለማን አልኳት። "ሁለት እጅ ላላቸው" አለች። እንዳለ እንድታወጣው አስማልኳት። የእኔ ጭንቀት ሞተሯን የሚነዳ ሰው ማግኘት ብቻ ነበር። ስለ አባባ አላሰብኩም።

አንተ ከወጣህ ቆይተሃል እንጂ ቤታችንን ታውቀዋለህ። ፋብሪካው እጃቸውን ከወሰደው ጀምሮ ስለዚያ እጅ በቤታችን ቃል ተነሥቶ አያውቅም። እማማ ዳቧቸውን ሳትጠየቅ ትቆርስላቸው ነበር፤ እሳቸውም ሳያመሰግኑ ይበሉ ነበር። በቤተ ክርስቲያን፣ በሠርግ፣ በለቅሶ፣ ያ እጅጌ ኪስ ውስጥ ነው። አርብ ዕለት ወደ አገራችን ሰዎች፣ ወደ ስሎቫኮቹ ክበብ ጋዜጣው መጣ። አባባ ማንበብ ስለማይችሉ ሰዎቹ ለደግነት ብለው ማስታወቂያውን ጮክ ብለው አነበቡላቸው፤ ሁለተኛም ከካርታ ጨዋታው ላይ ለተነሡት ደገሙላቸው።

ቤት ሲገቡ ምድጃው ዘንድ ነበርኩ። አልተቆጡም። "ሃያ ሰባት ዓመት ኪሴ ውስጥ ያኖርኩትን አውጥተሽ ገበያ ላይ ሰቀልሽው" አሉኝና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ከዚያ በኋላ አላናገሩኝም። የሚወዱትን የሊጥ ምግብ፣ ጎመን ያለበት ሃሉሽኪ ሠርቼ አቀረብኩ፤ ሳይነኩት አደረ። ይቅርታ ስጠይቃቸው ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋሉ። ሞተሯን ግን በእነዚያ ቀናት አላስነሷትም። ማርሚታው ቀዝቃዛ ነበር። የፈለግሁት ይህንኑ ነበር፤ ግን እንዲህ ሆኖ አልነበረም።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት አንድ አሮጌ ፒክአፕ በራችን ላይ ቆመ። የወረደው ሰው ጋርላንድ ይባላል፣ ከዌስት ቨርጂንያ የመጣ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ የነበረ፣ በዕድሜ ከእኛ ትንሽ ከፍ የሚል። ማስታወቂያውን እህቱ ቆርጣ ልካለት ነው። በሩን የከፈቱት አባባ ናቸው። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፣ እሱ ግራውን ዘረጋ፤ እጆቹ ተላለፉ። አባባ ፊት ለፊት ስለማያዩ የሰውየውን ቀኝ እጅ ፍለጋ እጅጌውን ያዙ። እጅጌው ባዶ ነበር። አልለቀቁትም።

"የጎደለህ የትኛው ነው?" አሉት።

"ቀኙ።"

"የእኔ ግራው ነው።"

"ጋዜጣው የትኛው እንደሆነ አልጻፈም እኮ" አላቸው ጋርላንድ።

አባባ ወደ በሩ ዞሩ፣ ወደ እኔ ማለት ነው። "ልጄ ናት ያጻፈችው። ሁለት እጅ ያለው ሰው ግራና ቀኝ ምን እንደሆነ አያውቅም፤ አትፍረድባት" አሉ። ይህ ከስንት ቀን ዝምታ በኋላ ስለ እኔ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው። ጋርላንድ "እንግዲህ ያን ሁሉ መንገድ የነዳሁት የሌላኛውን እጅ ወንድም ልጠይቅ ነው በሉኛ" አለ። አባባ ሳቁ። እኔ ድስቱን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ። በዚህ ሁሉ ጭንቀት የትኛው እጅ እንደሆነ መጻፍ ረስቼ ነበር።

ጋርላንድ ከመጣሁ አይቀር ልያት አለና ጋራዥ ገቡ። እኔም የማደርገው ስላጣሁ መጥረጊያ ይዤ ተከተልኳቸው። ሰውየው ሞተሯን በዓይኑ አልነበረም ያያት፤ በግራ እጁ ከፊት ጎማ ጀምሮ ዳበሳት። አባባ ደግሞ ከኋላ ጀምረው በቀኛቸው። መሪው ላይ ተገናኙ። ጋርላንድ ሐኪሞች መንጠቆ ሰጥተውት እንደነበር፣ ሚስቱ አሁን ቋሊማ ከመጥበሻ ለማውጣት እንደምትጠቀምበት ነገራቸው። አባባም ለእሳቸው የተሰጠው የእንጨት እጅ እንደነበር፣ ወንዝ ውስጥ እንደጣሉት፣ ከሳምንት በኋላ ዓሣ አጥማጆች ለፖሊስ እንዳስረከቡት ነገሩት። ይህን እኔ ሰምቼ አላውቅም። አንተ ታውቅ ነበር?

ከዚያ ጋርላንድ ጣቱን ኩባያው ውስጥ ሰደደና የተጠቀጠቀ አሮጌ ሱፍ አወጣ። ምን ያደርጋል አላቸው። የአባባን መልስ እንደሰማሁት ልጻፍልህ። "የሠራት ልጄ ነው። ክንዴን ለክቶት አያውቅም፤ በዚያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ ስለ ክንድ አይወራም ነበር። ከበሩ ኋላ ከተሰቀለው የክረምት ካፖርቴ እጅጌ ነው የለካው። ካፖርቱ ወፍራም ነው። ኩባያው ሰፋኝ። ካልሲ ሞላሁበት።" ጋርላንድ "አልነገሩትም?" ሲላቸው፣ "ሳይጠይቀኝ ለክቶ፣ ሳይነግረኝ ሠርቶ ያመጣልኝን ልጅ ሰፋኝ ልበለው?" አሉት። መቶድ፣ ይህን ልንገርህ ወይስ ልተወው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ያንተ ስለሆነ ነገርኩህ።

ጋርላንድ ሱፉን ወደ ኩባያው መለሰው። ከዚያ እንደሚወዳት፣ ግን ለእሱ እንድትሆን መገልበጥ እንዳለባት ነገራቸው። ኩባያው ወደ ቀኝ፣ ነዳጁ ወደ ግራ፣ ማርሹ ወደ ግራ፤ መሪውም ተፈትቶ እንደገና ይታጠፋል። "እሱን ደግሞ ብቻዬን አልችለውም፤ መፍቻውን ስይዝ ዳዶውን የሚይዝልኝ እጅ የለኝም። የከተማው ጋራዦች ቢነኳት የብረት ቁርጥራጭ ያደርጓታል" አለ። ቆቡን አነሣ።

አንዲት ቡሎን የሚነካ ሁሉ የተባረረበት ቤት ነው። እኔ አባባ ሲያሰናብቱት እየጠበቅሁ ነበር። እሳቸው ግን ኩባያውን እየዳበሱ "ዳዶ የሚይዝ እጅ እኔ አለኝ፤ ያውም የጎደለህን" አሉት።

አበድኩ። አባባ፣ መፍቻና ማንኪያ አይለዩም እኮ አልኳቸው። "ዳዶ በዓይን ነው የሚፈታው?" አሉኝ። ሰውየውን አናውቀውም አልኩ። "እኔ አውቀዋለሁ" አሉ። ጋርላንድ ሞተሯን ፒክአፑ ላይ ሲያስራት ገመዱን አንዱ ይይዛል አንዱ ይቋጥራል፣ እየተሰዳደቡ። አባባ ሁለት ሸሚዝና መድኃኒታቸውን በወረቀት ከረጢት ይዘው ወጡ። ምሳ አልበሉም። እኔ መንገዱ ላይ መጥረጊያዬን ይዤ ቀረሁ። ወይዘሮ ያብሎንስኪ በአጥሯ ላይ አንገቷን አውጥታ "ገዢው ሽማግሌውንም ጨምሮ ነው የወሰደው?" አለችኝ።

ዱዌን ሞተሯ እስክትሸጥ ነበር ጭንቀትሽ፣ ተሸጠች፣ ምን ቀረሽ አለኝ። አዎ፣ ግን ከእጃቸው አልወጣችም። ደግሞ ያ አገር ተራራ ነው፤ መንገዱ ነጭ መስመር የለውም። ስልክ ስደውል የጋርላንድ ሚስት ሜልባ ናት የምታነሣው። "እመቤቴ፣ አባትሽ እጁ በቅባት ስለሆነ ስልክ መያዝ አይችልም፤ ባሌም እንደዚያው። ሁለቱን አንድ ላይ ብታስሪያቸው የሚሰማ ጆሮ የላቸውም" ትለኛለች። አንድ ቀን አባባ ራሳቸው አነሡና "መስመሩን አታጨናንቂ" ብለው ዘጉት።

እሑድ ሄድኩ። ጎጆው ኋላ ባለው ዳስ ውስጥ ሞተሯ በብርድ ልብስ ላይ ተበታትናለች። አባባ የድንች ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸውን ወደ ጫካው አዙረው መሪውን እያዩት። "ቀኝ እጅ፣ ያዝ!" ይላል ጋርላንድ። "ግራ እጅ፣ አትግፋ፣ አሽከርክር!" ይላሉ አባባ። አባባ የእኔን እግር ድምፅ ሲሰሙ ሥራ ላይ ነን አሉኝ። እኔም ተበታትና ሳያት ደስ አለኝ፤ የተፈታች ሞተር ማንንም አትገድልም። ይህን ለሜልባ ስነግራት፣ ሁለቱ የተጣሉበት አንድ ቀን እንደነበር ነገረችኝ። ጋርላንድ ማርሹ እስከ ክረምቱ ይቆይ፣ ምን ያጣድፈናል ሲል፣ አባታችሁ "አሁን ነው የምንጨርሰው" ብለው ጮኹበት አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ነው አስቤ የደረስኩበት። እኔ ሞተሯን ይዘው እንዳይወጡ ስፈራ፣ እሳቸው በየቀኑ አንዲት ቡሎን ከራሳቸው ወደ ሌላ ሰው ያሻግሩ ነበር። ለጋርላንድ በሆነች መጠን ለእሳቸው አትሆንም። ይህን ደግሞ ከማንም በፊት እሳቸው ያውቁታል። እኔ ካንዴላ ነቅዬ፣ ጋዜጣ ላይ ጽፌ፣ ጮኼ ያልሆነልኝን በገዛ እጃቸው አደረጉት።

ያለፈው እሑድ ተጠናቅቃ ውጭ ቆማ ነበር የደረስኩት። አባባ መጀመሪያ እኔ ልቀመጥባት አሉ። ልሮጥ ስል ጋርላንድ ዓይኑን ጣለብኝ፤ ቆምኩ። ወጡባት። ቀኝ እጃቸው ነዳጁን ሲፈልግ ኩባያውን አገኘ። ግራ ክንዳቸው ኩባያውን ሲፈልግ እጀታውን ነካ፤ በምን ይያዘው። ትንሽ እንደዚያ ሆነው ቆዩ። አንዲት ዶሮ በጎማዎቹ መሃል አለፈች። ከዚያ ወረዱና ኮታቸውን አስተካክለው "ልክ ናት፤ የእኔ አይደለችም" አሉ፣ ልብስ ሰፊ ደንበኛውን እንደሚያሰናብት። ጋርላንድ ረገጣት፣ ተነሣች፣ ክንዱን ኩባያው ውስጥ ከተተ፣ ሄደ። ቀጥ ብላ ሄደች። አጥር አልፈለገችም። እስከ ታችኛው ጸሎት ቤት ወርዶ ተመለሰ። አባባ እስኪመለስ ድረስ ቆመው ነበር፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው። ዋጋውን ሜልባ በፖስታ ሰጠችኝ፤ አባባ ስንት እንደሰጠችኝም አልጠየቁም።

ስንመለስ ተኝተዋል ብዬ ሬዲዮውን ቀንሼ ነበር የምነዳው። ወንዙን እንደተሻገርን "ሊዳ" አሉኝ። አቤት አልኳቸው። "ሌላ ሰው ሲነዳት እኮ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ ላይዋ ላይ ነበርኩ።" እሺ አልኩ። "ድምፅዋ እንዲህ አስቀያሚ ነው? ያ ሁሉ ዘመን ሰፈሩ ይህን ነው ሲሰማ የኖረው? የሚነግረኝ ሰው ጠፋ?" በየጠዋቱ ነግረንዎታል፤ እርስዎ ላይዋ ላይ ስለነበሩ አልሰሙንም አልኳቸው። "ምስኪን ወይዘሮ ያብሎንስኪ" አሉ።

ኖራን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ ለሳሉ ማር በትኩስ ወተት እንዳትረሳ በላት። ዴልያን አክስትሽ የሹራብ ልክሽን ትፈልጋለች በላት፤ እጅጌውን በደንብ ለክታ ትላክልኝ። የኖራን እናት በአክብሮት ሰላም በልልኝ። ዱዌን ትከሻህን አትጎትት ይልሃል። ወይዘሮ ያብሎንስኪም ስምህን ስጠራላት እጇን አውለበለበችልህ። አባባ ለመቶድ ምን ልጻፍልዎ ስላቸው ሰላም በይልኝ፣ የቀረውን ከወደብ ሲደውል እኔው እነግረዋለሁ አሉ። ስለዚህ ደውል። ልጆቹ እየወጡ ነው፤ ማስነሣት አለብኝ።

እህትህ ሊዳ

ያንግስታውን፣ ኦሃዮ
ኦክቶበር 22 ቀን 1996